መረቡና ጥቁሩ ባንዲራ

ሻርክን ከአራዊት ሁሉ ይልቅ አስፈሪ ያደረገው ጥርሱ ብቻ አይደለም፤ አንበሳ በግሣቱ፣ ጅብ በጩኸቱ፣ አዞም እንኳ ወንዙን በሚያውቅ ሰው ዘንድ በመዋያው ሲታወቅ፣ እርሱ ግን ከቀላይ ተነሥቶ ከዋናተኛው እግር ሥር እስኪደርስ ድረስ ምልክት የማይሰጥ በመሆኑ ነው። የሰው ልጅ ከዚህ ካላየው ባላጋራ ጋር የገጠመው ክርክር ከሰባ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ የቆየበት አንዱ ስፍራ የደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ነው።

በሕንድ ውቅያኖስ ዳር በተቈረቈረችው በደርባን ከ1943 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ሰባት ሰዎች በሻርክ ተነክሰው ስለ ሞቱ፣ ከተማዪቱ በ1952 መረብ ዘረጋች። መረብ ባልነበራቸው የደቡብ ዳርቻዎች ግን በ1957 የገና ሰሞን ሞት በሞት ላይ ሲደራረብ፣ ወሩ «ጥቁር ታኅሣሥ» ተባለ፤ ለዕረፍት የመጣውም እንግዳ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የባሕር ኃይል መርከብ ተልኮ በውኃ ውስጥ የሚፈነዳ ቦምብ ቢጥል፣ የገደለው ሻርክ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ በፍንዳታው ያለቀው ዓሣ ሌሎችን ለግብዣ ጠራ። በ1964ም ይህን ጥበቃ የሚመራ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ።

በመረቡ ተማምኖ የሚዋኘው ሕዝብ እንደ ቅጥር ያየዋል፤ መረቡ ግን ቅጥር አይደለም። እያንዳንዱ 214 ሜትር ያህል ረዝሞ፣ 6 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ ከጎረቤቱ ሳይገጥም ስለሚንጠለጠል፣ ሻርኩ በላዩም በሥሩም በጎኑም ያልፋል፤ እንዲያውም ከሚያዙት ሲሶ ያህሉ የሚጠመዱት በዳርቻው በኩል ነው። እንግዲህ መረቡ ሰውን የሚጠብቀው የሻርኩን ቍጥር በማሳነስ ነው። በደርባንም መረቡ ከተዘረጋ ወዲህ በሻርክ የሞተ ዋናተኛ አለመኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አየር ለመሳብ ወደ ላይ እንዳይወጡ የታገዱ ዶልፊኖችና የባሕር ዔሊዎች፣ ለሰው ክፉ ያላሰቡ ፍጥረታት፣ ዋጋውን አብረው ከፍለዋል።

ነጩ ሻርክ ዘግይቶ ለወሊድ የሚደርስ፣ ጥቂትም የሚወልድ በመሆኑ፣ ደቡብ አፍሪካ በ1991 ከዓለም መንግሥታት ቀድማ እንዳይገደል በሕግ ከለከለች። በአንድ እጇ አዋጅ፣ በሌላው መረብ ይዛ የቆመችው አገር፣ ቅራኔውን ለማለዘብ ከ2007 ጀምሮ ከመረቦቹ ከፊሉን ማባበያ በተደረገባቸው መንጠቆዎች ተካች፤ ይህም ከዶልፊኑና ከዔሊው ብዙውን ቢያተርፍ፣ ሻርኩን ማጥመዱን አልተወም።

በኬፕ ታውን አቅራቢያ ግን ከ2004 ወዲህ ሌላ ሥርዓት ተተከለ። አዝመራው ሲያሸት ወፍና ዝንጀሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ እንደሚወጣው የአገራችን ልጅ፣ ጠባቂው ከሙዘንበርግ ዳርቻ በላይ ባለው ተራራ ተቀምጦ ባሕሩን በመነጽር ይቃኛል፤ የሻርክ ጥላ ባየም ጊዜ በሬዲዮ ይናገራል፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ የሻርክ ሥዕል ያለበት ነጭ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሰውም ከውኃው ይወጣል፤ ሻርኩም ወደ መንገዱ ይሄዳል። በደርባን እንዲህ ያለ ተራራ ከዳርቻው አጠገብ የለም፤ የወንዞቹም ጎርፍ ባሕሩን ያደፈርሰዋልና፣ የአንዱን መድኃኒት እንዳለ ለሌላው ማዘዝ አይገባም።

ቢሆንም በኬፕ ታውን ዳርቻ ከሚሰቀሉት ልዩ ልዩ ባንዲራዎች ሁሉ ለኅሊና የሚከብደው ጥቁሩ ነው። ጭጋግ ውኃውን በሸፈነ ወይም ነፋስ ባናወጠው ጊዜ የሚሰቀለው ይህ ባንዲራ «ሻርክ አለ» አይልም፤ «የለም»ም አይልም፤ ጠባቂው ማየት አለመቻሉን ብቻ ይመሰክራል። ያን ጊዜ ዋናተኛው እግሩን ማዕበሉ እየነካው፣ ልግባ ወይስ ልመለስ ብሎ ራሱን ይመረምራል። መረቡ በተዘረጋበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አላቀረበለትም።