ከሸክላው አፈር እስከ ቋንቋው ጎጆ

ወደ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ የወረደው ቃል «አንብብ» የሚል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ለመሆኑ ልጅ የሚያነበው መጽሐፍን ብቻ ነውን? በሱረቱል ጋሺያህ አላህ (ሱ.ወ.) ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን እንድናስተውል ያነቃናል። እኛም በዚህ ወር ዝግጅታችን፣ የእምነታችን ተከታይ ባይሆኑም ተፈጥሮን የልጆች መማሪያ ስላደረጉ አንድ የኒውዚላንድ መምህር እናወጋችኋለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግቢውም ሜዳውም ክፍል ነው

ኤልዊን ሪቻርድሰን በ1925 ተወለዱ። በ1949 በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ ኦሩአይቲ በምትባል የገጠር ቀበሌ በሚገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ከተማሪዎቻቸው ከፊሎቹ የአውሮፓ ሰፋሪዎች ዘሮች፣ ከፊሎቹ ደግሞ የአገሩ ነባር ሕዝብ የማኦሪ ልጆች ነበሩ።

መምህሩ የባሕር ዛጎል ማጥናት ይወዱ ስለነበር ትምህርቱን ከአራት ግድግዳ አወጡት። ልጆቹ ነፍሳትን፣ ዕፅዋትንና የአየሩን ጠባይ በዓይናቸው እያስተዋሉ ያዩትን ይጽፋሉ። ከአካባቢያቸው የሸክላ አፈር ቆፍረው፣ አቡክተውና ቀርጸው በእቶን ይተኩሳሉ። ግጥም እየጻፉ የራሳቸውን መጽሔት ያዘጋጃሉ። የአንዱን ሥራ ሌላው ይመዝናል፤ ትልቁ መመዘኛም ልጁ በእርግጥ ያየውንና የተሰማውን መግለጹ ነበር። በዚህ መንገድ ሳይንሱ ከጽሑፉ፣ ጽሑፉም ከእጅ ሥራው ጋር ተሳሰረ።

የትምህርት መሥሪያ ቤቱም ሙከራውን ፈቀደላቸው። እስከ 1962 በዚያው ሠርተው፣ ተሞክሯቸውን በ1964 በታተመ መጽሐፍ አቀረቡ። በ2012 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር

የማኦሪ ልጅ አፈሩንና ባሕሩን ወደ ክፍል ይዞ ገባ፤ የእናቱን ቋንቋ ግን የኒውዚላንድ ትምህርት ቤት በሩ ላይ አስቀርቶበት ነበር። በ1867 የወጣ ሕግ የማኦሪ መንደሮችን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ሥር አድርጎ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ብዙ አረጋውያን በልጅነታቸው ቋንቋቸውን በመናገራቸው እንደተገረፉ መስክረዋል። ወላጆችም «ልጆቻችን እኛ እንደተቸገርነው አይቸገሩ» በማለት በቤታቸው እንግሊዝኛ ማውራትን መረጡ። በ1970ዎቹ ቋንቋውን አቀላጥፈው ከሚናገሩት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሆነው ተገኙ።

መፍትሔው የመጣው ከማኦሪዎቹ ከራሳቸው ነው። በ1982 «ኮሃንጋ ሬኦ»፣ ማለትም «የቋንቋ ጎጆ» የተባሉ የሕፃናት መዋያዎችን ከፈቱ። በእነዚህም አያቶች ከሕፃናት ጋር እየዋሉ በማኦሪ ቋንቋ ብቻ ያወሯቸዋል። በ1985 በኦክላንድ በዚሁ ቋንቋ የሚያስተምር የመጀመሪያው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1987 ደግሞ ቋንቋው በሕግ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ።

ለእኛስ ቤት?

በአገራችንም በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ቋንቋን በልጅ አፍ ላይ አያኖርም። አያት በአንድ ጥግ ተቀምጣ፣ ልጅ በሌላው ጥግ ስልኩን አቀርቅሮ የሚያድርበት ቤት፣ ማንም ሳይገርፈው የራሱን ቅርስ እያጣ ነው።

የእኛ ሀብት ብዙ ነው። የሐረር እናቶች ግድግዳቸውን የሚያስጌጡበት ስፌት፣ የወሎ መንዙማ፣ አባቶቻችን ፊደል የለዩበት የእንጨት ለውህ፣ ሁሉም ልጅን በእጁ፣ በጆሮውና በልቡ የሚያስተምሩ ናቸው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ሜዳ አውጧቸው፤ ያዩትን ጠይቋቸው። ሸሪዓችን በሥዕልና በቅርጽ ላይ ያስቀመጠውን ወሰን እየጠበቃችሁ እጃቸው ይሥራ። የነቢያትን ታሪክ ከአያታቸው አንደበት፣ በአያታቸው ቋንቋ ይስሙ። እናንተም ወጣቶች! አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ቀርባችሁ ጠይቋቸው።

ማኦሪዎቹ በአንድ ትውልድ ዝምታ ያጡትን ለመመለስ ዛሬም እየደከሙ ነው። እኛ ገና በእጃችን ያለውን መጠበቅ ይቀለናል። አላህ ልጆቻችንን ዓይናችን የሚረጋባቸው፣ ፍጥረቱን አይተው ፈጣሪያቸውን የሚያውቁ ያድርግልን። አሚን።