«ዛሬ ስፖርት አለ፤ ሆዴን አሞኛል»

ነገሩ በብዙ ቤት ያለ ነው። ልጁ ሰኞ ደህና ነው፣ ማክሰኞም ደህና ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ሐሙስ ይሻለዋል። እናት ጦስኝ ታፈላለች፣ አባት «ይሄ ልጅ ሰነፈ» ይላል። የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙን ገልጦ ያየ ግን የለም። ረቡዕ ምን አለ? ስፖርት!

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ የሚሆን ልጅ ሁሉ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው አንልም። ዛሬ የምናነሳው አስፐርገር ያለባቸውንና የሰውነት እንቅስቃሴያቸው ከዕድሜያቸው የዘገየውን ልጆች ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ንግግሩ የተሟላ ነው። ደባርቅ ላይ ስለ ዋልያ ከተነሳ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ ቀንዱ እንዴት እንደሚያድግ ሳይደክመው ይዘረዝርላችኋል። የጫማውን ክር እሰር ሲባል ግን ላብ በላብ ይሆናል። አፉ የአዋቂ፣ እጁ የሕፃን ሆኖ ሰውን ግራ ያጋባል። «ይሄን ሁሉ እያወቀ ኳስ መያዝ እንዴት ያቅተዋል? አውቆ ነው እንጂ!» የሚባለውም ለዚህ ነው።

አውቆ አይደለም። የቪየናው ሐኪም ሃንስ አስፐርገር እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ አራት ወንዶች ልጆች ሲጽፍ፣ ከመካከላቸው አንዱ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር እኩል መንቀሳቀስ እንዳቃተው መዝግቦ ነበር። ስሙ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ አስፐርገርን ለብቻው መጥራት ትቶ በኦቲዝም ውስጥ አካቶታል። የስሙ ነገር ቢለወጥም የልጁ ችግር ግን አልተለወጠም።

ለመሆኑ ስፖርት ለምን ይከብደዋል? ሒሳብ ላይ ልጁና ደብተሩ ብቻ ናቸው። ሜዳ ላይ ግን ኳሷን ማየት፣ ፍጥነቷን መገመት፣ እግርን ማዘዝ፣ ፊሽካ መስማት፣ የራስን ቡድን መለየት... ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ንግግሩንም ቃል በቃል ነው የሚወስደው። መምህሩ «ያዘው!» ብሎ ሲጮህ ሌላው ልጅ «ተጠግተህ ጠብቀው» ማለት መሆኑ ይገባዋል፤ እሱ ግን ሄዶ ማሊያውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ሜዳው በሳቅ ይፈርሳል። ደባርቅን የመሰለ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ ላይ ደግሞ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ከቆላ ለመጣ ልጅ ትንፋሹም ቶሎ ያጥራል።

ከሁሉ የሚያመው ግን ሌላ ነው። ሁለት አምበሎች ቆመው ተራ በተራ ልጅ ሲመርጡ መጨረሻ ላይ አንድ ይቀራል። «በቃ እሱን አንተ ውሰደው» ይባባላሉ። ይህን በየሳምንቱ የሚሰማ ልጅ ሆዱን ቢያመው ምን ይገርማል? ከሜዳ በራቀ ቁጥር ልምምድ ይቀርበታል፤ ልምምድ በቀረበት ቁጥር ደግሞ የባሰ ወደ ኋላ ይቀራል።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ደፍረው ከተናገሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ይገኙበታል። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ልጅን መደበቅ መፍትሔ እንዳልሆነ በተግባር አሳይተዋል። ደባርቅ ወይም ዳባት ያለ ቤተሰብ ግን አዲስ አበባ ቅርቡ አይደለም። ስለዚህ ሥራው የሚወድቀው በቤተሰቡና በስፖርት መምህሩ ላይ ነው። «ተውት፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ» ማለትም፣ «በግድ ይልመድ» ማለትም አያዋጣም። ታዲያ ምን ይደረግ?

ቤት ውስጥ

መጀመሪያ የከበደው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ልብስ መቀየሩ ነው? ጩኸቱ? ሕጉ አለመግባቱ? ወይስ ኳሷ? ልብሱ ከሆነ መላው ቀላል ነው፦ በዚያን ዕለት ቱታውን ከዩኒፎርሙ ሥር ለብሶ ይሂድ፤ ጫማውም ክር የሌለው ይሁን።

ኳስ መያዝ ከሆነ ከካልሲ ኳስ ጀምሩ። ለስላሳ ናት፣ ፊት ብትመታም አታሳምም። ተቀምጣችሁ አንከባሉለት፤ ከዚያ ከአንድ እርምጃ ርቀት ወርውሩለት፤ ሲለምድ ራቅ በሉ። ገመድ ዝላይ ከሆነ ገመዱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይዝለለው፤ መወዛወዙ በኋላ ይደርሳል። በአንድ እግር ለመቆም ደግሞ ከሰኞ ማክሰኞ የተሻለ ምን አለ? በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሳይሰለቸው አቁሙ።

ይህን ለመሥራት ከእናትና ከአባት ይልቅ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይመረጣል። እናንተ ስትሠሩት ጨዋታ ይሆናል፤ ወላጅ ሲሠራው ግን ፈተና ይመስላል።

ትምህርት ቤት

መምህሩን በእረፍት ሰዓት ለብቻው አግኙት። ለክስ ሳይሆን ለምክክር ሂዱ። የምትጠይቁትም ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ቢነግራችሁ፣ ትእዛዙን ባጭሩ ተናግሮ በሰውነቱ ቢያሳየው፣ ፊሽካውን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ቢነፋ። ቡድን ሲከፈል ምርጫው ቀርቶ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እየተባለ ቢቆጠር የሚተርፍ ልጅ አይኖርም። ነጥብ መያዝ ወይም ሰዓት መቆጣጠር ጥሩ ኃላፊነት ነው፤ ግን ሁልጊዜ ከሆነ ከሜዳ ማባረሪያ ይሆናል። ማርኩም ባለፈው ወር ከሠራው ጋር ይነጻጸር። ትናንት ሁለት ጊዜ ዘልሎ ዛሬ አምስት የዘለለ ልጅ አድጓል እኮ!

ኳስ ብቻ ስፖርት አይደለም

እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች ተቃዋሚ በሌለበት፣ ድንገተኛ ነገር በማይበዛበት ስፖርት ይሻላቸዋል። የስሜን ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ደግሞ ለዚህ ምን ጎደለው? ቅዳሜ ዳገት ይዛችሁት ውጡ። በእግር መሄድ አምበል አይፈልግም፣ ማንም መጨረሻ ላይ አይመረጥም። እግሩ ይጠነክራል፣ ትንፋሹ ይረዝማል። መንገድ ላይ ስለ ዋልያ የሚነግራችሁም እሱ ነው።

እንቅስቃሴው በጣም የዘገየ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ወይም ቀድሞ የሚችለውን እያጣ የሚሄድ ልጅ ካለ ግን ሐኪም ይየው። ዓይኑም ይመርመር። ከደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ባለችው ጎንደር ያለው ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

ለዛሬው ግን ከአንድ ጥያቄ ጀምሩ። ልጁን ለብቻው አስቀምጣችሁ «ስፖርት ላይ የሚያስጠላህ የቱ ነው?» በሉት። አትቆጡ፣ አታቋርጡ። እንዲህ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እቅጩን ነው የሚናገር፤ መልሱን ከሌላ ቦታ መፈለግ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቸር እንሰንብት።