በጤና ቀኖች ላይ የተመዘገቡ ልደቶችና ድርጊቶች

በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከአጽዋማትና ከበዓላት ቀጥሎ የራሱ የሆኑ ቀኖች አሉት። የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀን፣ የዓለም ደም ለጋሾች ቀን፣ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን፣ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን እየተባሉ የሚጠሩት ዕለታት በደረሱ ቁጥር መፈክር ይወጣል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ባለሙያውም በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለተሰበሰቡ ሕሙማን አጭር ትምህርት ይሰጣል። ቀኑ በዚያ ዕለት እንዲውል የተደረገበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። ከተጠቀሱት አራት ቀኖች ሦስቱ የሰው ልደት ሲሆኑ አንዱ የአንድ ምሽት ንግግር መታሰቢያ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለትምህርቱ ይዘት ራሱ የሚጠቅም መሆኑ ከታሪካቸው ይታያል።

ንግግሩ የተደረገው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበር። ተናጋሪው ሮበርት ኮክ በወቅቱ የ38 ዓመት ሐኪም ሲሆን ማይክሮስኮፖቹንና የሕብረ ሕዋስ ናሙናዎቹን ሁሉ ወደ አዳራሹ አስመጥቶ ነበር። ከሚሞቱት ሰዎች ከሰባቱ አንዱን የሚገድለው በሽታ ብዙዎች እንደሚያምኑት በዘር የሚወረስ የሰውነት ድካም ሳይሆን በአንድ ባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። ባክቴሪያውን በቀለም ነክሮ ለይቷል፤ በረጋ የደም ሴረም ላይ አሳድጓል፤ ያሳደገውንም ወደ እንስሳት አስተላልፎ በሽታው ዳግመኛ ሲታይ አሳይቷል። ንግግሩ ሲያበቃ የተቃወመም ሆነ የጠየቀ አልነበረም። ከአድማጮቹ አንዱ የነበረው ፓውል ኤርሊኽ ወዲያው የአቀላለሙን ዘዴ ለማሻሻል ተነሣ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ አክታ የሚቀለምበት የዚል-ኔልሰን ዘዴ ከዚያ ሥራ የተወለደ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ምሽት ለአንድም ሕመምተኛ መድኃኒት አላመጣም። ኮክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1890 ቲዩበርኩሊን የተባለውን ውጤቱን ፈዋሽ አድርጎ አቅርቦ ነበር፤ ተስፋው ብዙ ሕሙማንን ወደ በርሊን ቢያጎርፍም መድኃኒትነቱ ከሸፈ፤ የቀረው ለቆዳ ምርመራ የሚሰጠው ጥቅም ብቻ ነው። የቢሲጂ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1921፣ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ደግሞ በ1943 ነው። በሽታውን በማወቅና በማከም መካከል 61 ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። እንግዲህ ዓለም አቀፉ የፀረ ሳንባ ነቀርሳ ኅብረት በመቶኛው ዓመት፣ በ1982፣ ይህ ዕለት የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀን እንዲሆን ሲያሳስብ የመረጠው የፈውስን ሳይሆን የምርመራን ልደት ነው። በዕለቱ ለሕዝብ የሚነገረው ቀዳሚ ቃልም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው አክታውን ያስመርምር የሚል ቢሆን ከቀኑ ታሪክ ጋር በእጅጉ ይስማማል።

እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠር ነገር ይነሣል። ማርች 24 በአሁኑ ዘመን መጋቢት 15 ላይ ይውላል፤ ኮክ በተናገረበት ዕለት ግን በኢትዮጵያ መጋቢት 16 ቀን 1874 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን በ400 ሳይካፈሉ በሚቀሩት የመቶ ዓመታት ላይ ተጨማሪዋን ቀን ስለሚዘል በ1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፍቷል። ለዚህም የአድዋ ድል ሁሉም የሚያውቀው ምስክር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ማርች 1 ቀን 1896 ሲሆን፣ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። በሥራ ላይ ላለ ባለሙያ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገው ሌላኛው ልዩነት ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኖቹ በአንድ ይዛነፋሉ፤ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ኖቬምበር 14 የዋለው እንደ ወትሮው ኅዳር 5 ሳይሆን ኅዳር 4 ነበር። የክትባት ቀጠሮ ወይም የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲገለበጥ ይህ መዘንጋት የለበትም።

ሰኔ 7 የሚከበረው የደም ለጋሾች ቀን የካርል ላንድስታይነር ልደት ነው። ላንድስታይነር በቪየና የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1868 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 8 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ማለትም አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ ከሁለት ወር ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የደም ዓይነቶችን ለመለየት የተጠቀመው መሣሪያ ቀላል ነበር፤ የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም ወስዶ የአንዱን ቀይ ሕዋስ ከሌላው ሴረም ጋር እያደባለቀ የትኛው እንደሚጓጉል መዘገበ። ሐሳቡ መጀመሪያ በ1900 በአንድ ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ታየ፤ በ1901 ራሱን ችሎ ታተመ። አራተኛው ዓይነት ኤቢ በተከታዩ ዓመት በተማሪዎቹ ተጨመረ። እንዲህ በግርጌ ማስታወሻና በሰንጠረዥ የመጣ ግኝት እንደ ኮክ ምሽት የሚጠቀስ ዕለት ስለሌለው፣ ቀኑን ከልደቱ ጋር ማያያዙ ሊያስገርም አይገባም። ላንድስታይነር በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በ1940 ደግሞ ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር የአር ኤች ዓይነትን አስታወቀ። ዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በ2004 ሲሆን የዓለም ጤና ጉባኤ በዓመቱ በየዓመቱ እንዲውል ወስኗል። ልደቱ የሳይንቲስቱ ቢሆንም ምስጋናው ያለ ክፍያ ደማቸውን ለሚሰጡ ሰዎች መሆኑ የዚህን ቀን አሰያየም ከሌሎቹ የተሻለ ያደርገዋል።

ኖቬምበር 14 ላይ ግን ልደትን መምረጥ የሚያስከትለው ጉድለት ይታያል። ዕለቱ ፍሬደሪክ ባንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1891 በካናዳ የተወለደበት ነው። ኢንሱሊን ግን የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ያወጡት ፈሳሽ ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ለአንድ የ14 ዓመት ሕመምተኛ ሲሰጥ የስኳሩ መጠን የወረደው በጥቂቱ ነበር፤ የተወጋበትም ቦታ መግል ቋጠረ። ሙከራው ተቋረጠ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ፈሳሹን ካጠራው በኋላ በ12ኛው ቀን ሲደገም ግን የልጁ ስኳር ወረደ፤ በሽንቱ ውስጥ የነበረው ኬቶንም ጠፋ። የ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለጆን ማክላውድ ሲሰጥ ባንቲንግ ድርሻውን ለቤስት፣ ማክላውድም ለኮሊፕ አካፍለዋል። የፈጠራ መብቱም ለዩኒቨርሲቲው በአንድ በአንድ ዶላር ተላልፏል። ስለዚህ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን በጥር ወር ቢውል ኖሮ አራቱንም ሰዎችና ከሁሉ በፊት ሕመምተኛውን ባስታወሰ ነበር። ልጁ ኢንሱሊን እየወሰደ 13 ዓመት ያህል ኖሯል፤ ከዚያ ቀደም በሽታው የያዘው ልጅ ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በላይ ተስፋ አልነበረውም።

ሐምሌ 21 የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ምልክት ያገኘውና ለክትባቱ መንገድ የከፈተው ባሩክ ብሉምበርግ ልደት ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ የሞተው ልደቱ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ መከበር በጀመረበት በ2011፣ ዕለቱ ከመድረሱ ከሦስት ወር በላይ አስቀድሞ ነው።

ከልደቶቹ ይልቅ ለኢትዮጵያ ታሪክ የሚቀርብ አንድ የድርጊት ቀን አለ። ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን አገር ኤክስ ጨረርን የተመለከተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ማለትም ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ከ2012 ወዲህ ዓለም አቀፍ የራዲዮሎጂ ቀን ሆኖ ይታሰባል። አራት ወር ሳይሞላ የአድዋ ጦርነት ሆነ። በሜይ 1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ኢጣሊያዊ የጦር ሐኪም በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈልጎ አገኘ። በጦር ቁስለኞች ላይ ራጅ ከተነሣባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። ከላይ እንደታየው ሳንባ ነቀርሳ 61 ዓመት የጠበቀበት መንገድ ለራጅ የስድስት ወር ጉዞ ሆኗል። በኢትዮጵያ ወገን የቆሰሉትን ለማከም ደግሞ በዚያው በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።

በአንጻሩ ከሁሉ የሚበልጠው ድል በዓለም ጤና ድርጅት ዓመታዊ ቀኖች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የተያዘው ሰው ደግሞ አሊ ማው ማሊን የተባለ በሶማሊያ የመርካ ከተማ ሆስፒታል ወጥ ሠሪ ሲሆን፣ ሽፍታው የታየበት ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ መጥፋቱን ያወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ማሊን በሆስፒታል እየሠራ ያልተከተበው መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ድኖም በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ተሰማርቶ የሚያመነቱ ወላጆችን በራሱ ታሪክ እያሳመነ አገለገለ። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ተመልሶ በገባ ጊዜ በመርካ ሕፃናትን በማስከተብ ላይ ሳለ በወባ ታሞ ሞተ።