የግጭ መንደር ሰዎች ፈቃድ

የዋልያ መኖሪያ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በዚያው ሰሞን ደርግ በፓርኩ ሰሜናዊ ገደል ሥር የነበሩ ገበሬዎችን ያለ ፈቃዳቸው ከቀያቸው ነቀለ። ቂሙ አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥርዓቱ ሲወድቅ ባዶ የቀሩት የፓርኩ ካምፖች ተዘረፉ፣ ፈረሱም።

እርሻው፣ ግጦሹና የዋልያ ቁጥር ማነስ ተደማምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገቡት። ከመዝገቡ ለመውጣት ከዋነኞቹ ጥያቄዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሆነ። በከፍተኛው ሜዳ ላይ ገብስ የሚያርሱ፣ በግና ከብት የሚያረቡ ከ400 በላይ አባወራዎች ይኖሩ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ወታደር አልመጣም፤ ውይይት ተደረገ፣ ካሳ ተከፈለ፣ በደባርቅ ከተማም የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠ፤ ነዋሪዎቹም ተነሡ። የጓሳው ሣር አገገመ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገቡ ተሰረዘ።

ግን ገብስ አራሹ ከተማ ሲገባ ማሳ የለውም፤ የካሳው ብርም ያልቃል። ስለዚህ በእኔ እምነት፣ ነዋሪው ከተነሣ በኋላ በምን እንደሚተዳደር ሳይታወቅ የተሰጠ ፈቃድ ገና ግማሽ ፈቃድ ነው።