ሮዛሪዮ፦ ባሪያ ፈንጋይ ያሳደደችው የጦር መርከብ

ሮዛሪዮ በሸራም በእንፋሎትም የምትጓዝ፣ 11 መድፍ የታጠቀች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን አጠገብ ደትፎርድ ላይ ተሠርታ ወደ ውሃ ወረደች። ስሟን ያስጠራት ግን ከጦርነት ይልቅ በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች መካከል የተሰጣት የቅኝት ሥራ ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥ ዋጋ ባናረ ጊዜ በፊጂና በአውስትራሊያዋ ክዊንስላንድ የእርሻ ባለቤቶች ርካሽ ጉልበት ፈለጉ። ትናንሽ የሸራ መርከቦችም ወደ ዛሬዋ ቫኑዋቱና ወደ ሰለሞን ደሴቶች ይመላለሱ ጀመር። በፈቃዱ የተሳፈረ ሰው አልጠፋም። ሌላው ግን በጨርቅና በመጥረቢያ ተደልሎ መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ይቆለፍበታል፤ ወይም ታንኳው ከላይ በሚወረወር ብረት ይሰበርና ከባሕር እየተለቀመ ይጫናል። ማንበብ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ውልም ይያዝበታል።

በሚያዝያ 1869 የሮዛሪዮ አዛዥ ጆርጅ ፓልመር ፊጂ ውስጥ ሌቩካ ወደብ ላይ “ዳፍኒ” የተባለችውን መርከብ ፈተሸ። ፈቃዷ ሠራተኛ ወደ ክዊንስላንድ እንድታመጣ ነበር፤ የተገኘችው ግን ፊጂ ነው። ከተፈቀደላት ቁጥር የሚበልጥ፣ 100 ያህል ሰው ራቁቱን ታጭቆባታል። ፓልመር መርከቧን ይዞ ሲድኒ ፍርድ ቤት አቀረባት።

ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ሰዎቹ ለባርነት መወሰዳቸው አልተረጋገጠም ተባለ፤ ይባስ ብሎ ኪሳራው በፓልመር ላይ ተጫነ። የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ሕግ ሰንሰለትና ሽያጭ ይፈልግ ነበር፤ እነዚህ ነጋዴዎች የያዙት ፈቃድና ውል ነው። ፓልመር ያየውን በ1871 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት “ካርል” በተባለች ሠራተኛ ጫኝ መርከብ በርካታ ደሴተኞች መጨፍጨፋቸው፣ የአንግሊካኑ ጳጳስ ፓተሰንም የአፈናው በቀል ነው በተባለ ጥቃት ኑካፑ ደሴት ላይ መገደላቸው የእንግሊዝን ፓርላማ አነቃነቀ።

የ1872ቱ ሕግ ደሴተኛን ያለ ፈቃዱ መጫንን ወንጀል አደረገ፤ የባሕር ኃይል አዛዦችም የተጠረጠረን መርከብ እንዲይዙ ሥልጣን ሰጠ። ለቅኝቱም ሲድኒ ውስጥ አምስት መርከቦች ተሠሩ። ይሁንና ሕጉ ንግዱን በፈቃድ ሥር አስገባው እንጂ አላስቆመውም። እስከ 1904 ድረስ ወደ ክዊንስላንድ ብቻ 62,000 ያህል የጉዞ ውል ተፈጽሟል። ምልመላውን የዘጋው የአውስትራሊያ ፓርላማ በ1901 ያወጣው ሕግ ነው። ያም ሕግ የመጣው ለደሴተኞቹ ታስቦ ሳይሆን አገሪቱን የነጮች ብቻ ለማድረግ ነበር፤ እዚያው ኑሮ የመሠረቱትን ብዙዎችንም በግድ አባረረ።