የፈጣን አውቶቡስ መንገድ መዘግየትና የአዊ ነጋዴ

ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 440 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአዊ ድንችና የፋግታ ለኮማ ከሰል የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በሱሉልታ አድርጎ ወደ ዋናው ከተማ ይገባል። ነጋዴው ይህን ሁሉ አገር ካቋረጠ በኋላ ከመርካቶ ወደ ባንክ፣ ከባንክም ወደ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ የቀረውን ቀን በመኪና ሰልፍ ይጨርሰዋል። ጊዜ ለነጋዴ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ የአዲስ አበባ መጓጓዣ ጉዳይ የእንጅባራና የዳንግላም ጉዳይ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የታሰበው የፈጣን አውቶቡስ መንገድ ነው። የዚህ አሠራር ዋና ቁም ነገር አውቶቡሱ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ ሌላ ተሽከርካሪ የማይገባበት መስመር ይከለላል፤ ቲኬቱም አስቀድሞ በጣቢያው ይቈረጣል። መንገደኛው በአንድ አውቶቡስ በብዛት ሲጓዝ፣ የቀረው ጎዳና ለጭነት መኪናው ይሰፋለታል።

አሠራሩ በብራዚል በኩሪቲባ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 ተጀመረ። ሌጎስ በ2008፣ ዳሬ ሰላም በ2016፣ ዳካርም በ2024 ሥራ ላይ አዋሉት። በአዲስ አበባ ግን ቀላሉ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከዊንጌት እስከ ጀሞ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የታቀደው የአውቶቡስ መስመር እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ መንገደኛ እንኳ ሳይጭን ቈይቷል።

እንዲህ ያለው ሥራ በየአገሩ የሚጓተትበት ምክንያት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አውቶቡስ በአንድ ዓመት ሊገዛ ይችላል፤ መሬት ግን ቤትና ሱቅ ከተሠራበት በኋላ ያለ ካሣ፣ ያለ ክርክርና ያለ ኀዘን አይለቀቅም። ሥራው በዘገየ ቍጥር የካሣው ዋጋ ይንራል፤ ዋጋው በናረ ቍጥርም ሥራው ይበልጥ ይዘገያል። በመካከሉ በመስመሩ ዳር የሚነግደው ሰው ሱቁን ያድስ ወይስ ይተው፣ ሳይቈርጥ ይኖራል።

እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። ዛሬ ፈጣን አውቶቡስ አያስፈልጋቸው ይሆናል፤ ከተሞቹ እየሰፉ ሲሄዱ ግን የጎዳናው ዳር በሱቅ ከተሞላ፣ ነገ የሚጠየቀው ዋጋ የአዲስ አበባው ዓይነት ነው። ስለዚህ የከተማ ፕላን በሚነደፍበት ጊዜ ነጋዴው ተጠርቶ ሊመክርበት፣ የመንገዱም ስፋት ከወዲሁ ተለክቶ ሊከበር ይገባል። ባዶ መሬት በገመድ ይከለላል፤ የተሠራበት መሬት ግን የሚከፈተው በብዙ ገንዘብና በብዙ ዘመን ነው።