የሕንጻ ንድፍም ጤናው ይለካል

ደብረ ብርሃን፦ በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ባቄላ የሚያመርት ጠንቃቃ አርሶ አደር ቆርምድ ማሳውን እስኪያለብሰው አይጠብቅም። ማሳው ውስጥ እየገባ ቅጠሉን ያገላብጣል፤ የታመመው ተክል ካለፈው ሳምንት መብዛት አለመብዛቱን ያያል። በደብረ ብርሃን ከተማ በየአቅጣጫው የሚነሱ ሕንጻዎችም መሠረታቸው ሳይቆፈር እንዲህ ያለ አሰሳ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚታሰሰውም በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ንድፋቸው ነው።

ቀደም ሲል ንድፍ ማለት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ነበር። «ቢም» በሚባለው አሠራር ግን ሕንጻው ከነግድግዳው፣ ከነበሩና ከነቧንቧው በኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ይገነባል፤ ይህም ሞዴል ይባላል። ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ ሬቪት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ በ2002 አውቶካድን በሚያመርተው አውቶዴስክ ኩባንያ ተገዝቷል። በሀገራችንም የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በአሠራሩ ላይ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል።

በሞዴል ውስጥ ግድግዳ መስመር ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱን፣ ከፍታውንና የሚሠራበትን ቁሳቁስ የያዘ መረጃ ነው። የብሎኬቱ፣ የሲሚንቶውና የቀለሙ መጠንም ከዚሁ ይቆጠራል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነዳፊ ግድግዳ ሲገለብጥ ሳያስተውል በነበረው ላይ ደረበው እንበል። በማያ ገጹ ላይ የሚታየው አንድ ግድግዳ ነው፤ በወረቀት ሲታተምም አንድ ነው። በቆጠራው ግን ሁለት ነው። 40 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 120 ካሬ ሜትር ይሆናል። ፊቱ 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነው የተለመደ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ግድግዳው 1 ሺህ 500 ብሎኬት ይወስዳል። ድርቡ ካልታየ ዝርዝሩ 3 ሺህ ይላል። ሕንጻው ጤና ኬላ ወይም በነዋሪው መዋጮ የሚሠራ የመማሪያ ክፍል ቢሆን፣ የሌለ ግድግዳ ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም። ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንድ ክፍል ዙሪያው በትክክል ካልተዘጋ ሶፍትዌሩ ስፋቱን ማስላት ስለማይችል፣ የወለሉ ንጣፍ ከዝርዝሩ ይጎድላል።

ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ስህተት ሲያይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሥራ ሲጣደፍ ግን ነዳፊው በአንድ ጠቅታ ያልፈዋል። የታለፈው አይጠፋም፤ ይከማቻል።

የሞዴል ጤና ክትትል የሚባለው እነዚህን ምልክቶች በየጊዜው ቆጥሮ በሠንጠረዥና በግራፍ ማስቀመጥ ነው። የማስጠንቀቂያዎቹ ብዛት፣ የፋይሉ ክብደት፣ ፋይሉ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ፣ ከኢንተርኔት ተወስደው ጥቅም ላይ ያልዋሉ የወንበርና የመስኮት ሞዴሎች፣ ከአውቶካድ ገብተው የተረሱ ሥዕሎች ይመዘገባሉ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። 200 ማስጠንቀቂያ ለትልቅ ሆስፒታል ቀላል፣ ለአንድ ፎቅ ቤት ከባድ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር አካሄዱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት 40 የነበረው ዛሬ 200 ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት የተሠራውን መመርመር ይገባል።

ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ የተለየ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ለትንሽ ቢሮ ግን ውድ ነገር አያስፈልገውም። ሬቪት የማስጠንቀቂያዎቹን ዝርዝር በፋይል ያወጣል፤ በየሳምንቱ አውጥቶ ቁጥሩን በኤክሴል መመዝገብ ይበቃል።

አንኮበርን በመሰለ ተዳፋት የሚሠራ ሰው ሌላም የሚከታተለው ቁጥር አለው። በኢትዮጵያ የተለመደው የቅየሳ ሥርዓት ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት ከምድር ወገብ ጀምሮ በሜትር ይቆጥራል። በአንኮበርም በደብረ ብርሃንም ይህ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን ይበልጣል። ነዳፊው የቀያሹን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ሕንጻውን እዚያው ላይ ከሠራ፣ ሞዴሉ ከራሱ መነሻ ነጥብ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሬቪት አሠራር ደግሞ ሞዴሉ ከመነሻው በ16 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሲያልፍ መስመሮች ይዛነፋሉ፣ ልኬቶችም ትክክለኛነታቸውን ያጣሉ። መፍትሔው ሕንጻውን በመነሻው አጠገብ ሠርቶ፣ በምድር ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በተለየ መረጃ ማመልከት ነው። ይህ በመጀመሪያው ቀን ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው፤ መዋቅሩ፣ ውኃውና ኤሌክትሪኩ ከተነደፉ በኋላ ግን ሁሉንም ማንቀሳቀስ ይጠይቃል።

ጤናማ ሞዴል ማለት ግን ጥሩ ሕንጻ ማለት አይደለም። ክረምት የሚያብጠውን፣ በጋ የሚሰነጠቀውን ጥቁር ኮትቻ አፈር ግራፉ አያውቀውም፤ እርሱ በአፈር ምርመራ የሚታወቅ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ረስቶ መስኮቱን ያለ ቦታው ያደረገ ነዳፊም አንድ ማስጠንቀቂያ ላይደርሰው ይችላል።

ሕንጻ የሚያሠራ ሰው፣ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ሶፍትዌሩን ማወቅ አይጠበቅበትም። ከአማካሪው ጋር ሲዋዋል ከታተመው ንድፍ ጋር የሞዴሉን ፋይልና የማስጠንቀቂያውን ዝርዝር እንዲያስረክበው ሊጠይቅ ይችላል። ዝርዝሩ ሲደርሰውም በቅድሚያ የሚፈለገው በአንድ ቦታ የተደረበና ሁለት ጊዜ የሚቆጠር ነገር መኖር አለመኖሩ ነው፤ ይህም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ቢታይ ይመረጣል።